ቤቱ ሲፈርስ የሚቀረው ፎቶው ነው፤ ፎቶውስ ይቆያል ወይ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ አዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች የምታወጧቸውን ጽሑፎች እከታተላለሁ። አንዱ ይፍረሱ ይላል፣ ሌላው አይፍረሱ ይላል። ክርክሩ ይቀጥል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ማንም ስለማያነሳው ነገር ነው። አንድ የቆየ ቤት ሊፈርስ ሲል "በፎቶ ተመዝግቧል፣ ሰነዱ ተይዟል" ይባላል። ይህን በስብሰባም፣ በሪፖርትም፣ በቴሌቪዥንም ሰምቻለሁ። ሥራዬ ፎቶ ማተም ነው፤ ድሮ በጨለማ ክፍል፣ አሁን በማሽን። ስለዚህ ይህን ስሰማ ወዲያው የሚመጣብኝ ጥያቄ አለ። በምን ተነሳ? በምን ወረቀት ላይ ታተመ? ማን ጋ ተቀመጠ?

መልሱን አብዛኛውን ጊዜ አውቀዋለሁ። በሞባይል ተነሳ፣ አልታተመም፣ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ አለ።

አንድ የማውቀው አርክቴክት ስለፈረሰ ቤት ጥናት እየሠራ ነበርና ከአንድ መሥሪያ ቤት የቤቱን ፎቶዎች ጠይቆ በሲዲ ሰጡት። ትልልቅ አድርጌ እንዳትምለት ወደ እኔ ይዞት መጣ። ከፎቶዎቹ ገሚሶቹ በቴሌግራም ሲላላኩ የቆዩ ናቸው፤ በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ደግሞ ተጨምቆ ነው የሚደርሰው፣ ዝርዝሩ እዚያው ይቀራል። የበረንዳውን የእንጨት ጌጥ ላጎላው ስል ጭጋግ ሆነብኝ። የትኛው ፎቶ የቤቱ ፊት፣ የትኛው ጀርባ እንደሆነ የተጻፈ ነገር የለም። ቀን የለም። ያነሳው ሰው ስም የለም። የፋይሉ ስም ካሜራው በራሱ የሰጠው ቁጥር ነው። ቤቱ የለም፣ ሰፈሩ የለም፣ ጎረቤቶቹ ተበትነዋል፣ የሚጠየቅ ሰው አልተገኘም። አርክቴክቱ የደረጃውን መወጣጫ ስንት እርከን እንደነበረው እንኳ ከፎቶዎቹ ሊቆጥር አልቻለም። እና ይህ ቤት በወረቀት ላይ "ሰነዱ የተያዘ" ቤት ነው።

በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ፣ ዶሮ ማነቂያ ሲሄድ፣ ቀጥሎ ካዛንቺስ ሲነሳ ብዙ ሰው ስልኩን አውጥቶ አነሳ። ጥሩ አደረገ። ያ የሕዝብ ትዝታ ነው፣ ዋጋ አለው። ግን የአንድን ቤት ሰነድ መያዝ ሌላ ሥራ ነው። የራሱ ደንብ አለው፣ የራሱ ወረቀት አለው፣ የራሱ ሳጥን አለው። እኛ አገር ይህ ደንብ በሥራ ላይ ሲውል አላየሁም።

ጥሩ ሰነድ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አክሱም ይበቃል። በ1898 ዓ.ም. ኤኖ ሊትማን የመሩት የጀርመን ቡድን አክሱም መጣ። ከቡድኑ ውስጥ ቴዎዶር ፎን ሉፕከ የሚባል አርክቴክት ነበረ፤ ሕንጻዎቹን ይለካል፣ ይነድፋል፣ በመስታወት ኔጋቲቭ ፎቶ ያነሳል። ያኔ ቆፍረው ካገኟቸው ውስጥ ታዕካ ማርያም የሚባለው የጥንት ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አንዱ ነው። በኋላ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መንገድ ሲሠራ ያ ፍርስራሽ በአብዛኛው ጠፋ። ዛሬ ስለ ታዕካ ማርያም የምናውቀው በዋናነት ያ ቡድን ትቶት ከሄደው ነው። ንድፉና ፎቶው ባይኖር ኖሮ ሕንጻው ከነስሙ ይጠፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት የዓለም ጦርነቶች አልፈዋል፣ ሰነዱ ግን አለ። ለምን? አንደኛ፣ ሰዎቹ ሲያነሱ ለሚቀጥለው ተመራማሪ ብለው ነው ያነሱት። ሁለተኛ፣ ብር የተቀባ መስታወት በደንብ ከታጠበና ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ነገር ነው።

ይህን ነገር ወደ ሕግ የቀየሩት ደግሞ አሜሪካኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1933፣ በዚያ በኢኮኖሚ ቀውሳቸው ዘመን፣ ሥራ ያጡ አርክቴክቶችን ሰብስበው የአገሪቱን ታሪካዊ ሕንጻዎች እንዲለኩ፣ እንዲነድፉና ፎቶ እንዲያነሱ አሰማሯቸው። ፕሮግራሙ እስከ ዛሬ አለ። ከ40 ሺህ በላይ የሕንጻና የቦታ ሰነድ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍታቸው ተቀምጧል፣ አብዛኛውን ማንም ሰው ከቤቱ ሆኖ በነጻ ማየት ይችላል። የሚገርመኝ የመመዘኛው ጥብቅነት ነው። ፊልሙ ትልቅ መሆን አለበት፤ ትንሹ 4 በ5 ኢንች፣ ከፍ ሲል 5 በ7፣ ከዚያም 8 በ10። ጥቁርና ነጭ። ኅትመቱ ፋይበር በሚባለው፣ ፕላስቲክ ባልተለበጠው ወረቀት ላይ፤ በፕላስቲክ የተለበጠውን ወረቀት አይቀበሉም። ዕቃው 500 ዓመት እንዲቆይ ታስቦ ነው የሚመረጠው። አምስት መቶ! ከእኛ ዘመን ወደ ኋላ ብንቆጥር ልብነ ድንግል ዘመን እንደርሳለን።

ኒውዮርክ ውስጥ ፔን ስቴሽን የሚባል ግዙፍ ባቡር ጣቢያ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1963 ማፍረስ ጀመሩ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሰርቪን ሮቢንሰን የሚባል ፎቶግራፈር ለዚሁ ፕሮግራም አንስቶት ነበር። ሕንጻውን አላዳኑትም፤ ፎቶዎቹ ግን ዛሬም ብርሃኑ በብረቱና በመስታወቱ መካከል እንዴት ይወርድ እንደነበር ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ የታሪካዊ ቦታዎች ጥበቃ ሕግ አወጡ። በዚያ ሕግ መሠረት የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ወይም ፈቃድ ያለበት ሥራ ታሪካዊ ሕንጻን የሚነካ ከሆነ መጀመሪያ ጉዳቱ ይታያል፣ ምክክር ይደረጋል። ማፍረሱ የማይቀር ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚደረሰው ስምምነት ሕንጻው ከመፍረሱ በፊት በመመዘኛው መሠረት ሰነዱ ይያዝ የሚል ነው።

እኛም አዋጅ አለን። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስ መመዝገብና መጠበቅ እንዳለበት ይናገራል። ጥያቄዬ ከአዋጁ በታች ነው። መዝገቡ ውስጥ የሚገባው ፎቶ ምን ዓይነት ይሁን? በስንት ቅጂ? ይህ ዝርዝር ከሌለ አንዱ ባለሙያ በጥሩ ካሜራ ያነሳል፣ ሌላው እየሄደ በስልኩ ያነሳል፣ ሁለቱም በሪፖርት ላይ እኩል "ተመዝግቧል" ተብለው ይጻፋሉ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የጥቁርና ነጭ ፎቶ ምስሉ የተሠራው ከብር ነው። ብር በራሱ ጠንካራ ነው። የሚገድለው ሳይታጠብ የቀረ ኬሚካል ነው። ፎቶ ሲሠራ በመጨረሻ ፊክሰር የሚባል ኬሚካል ውስጥ ይገባል፤ ፊክሰሩ ብርሃን ያልነካውን ብር ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ ፊክሰሩ ራሱ ታጥቦ መውጣት አለበት። ካልወጣ ከዓመታት በኋላ ፎቶው ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ ይሆናል፣ ምስሉ ከዳር ጀምሮ ይበላል። ብዙ ሰው ቤቱ ያለውን እንዲህ የሆነ ፎቶ ሲያሳየኝ "አርጅቶ ነው" ይለኛል። አላረጀም፣ አልታጠበም። ፋይበር ወረቀት ኬሚካሉን ወደ ውስጥ ስለሚመጠው እጥበቱ ረጅም ነው፣ የሚያግዝ መፍትሔ ካልተጨመረበት አንድ ሰዓት ያህል በሚፈስ ውሃ ሊፈልግ ይችላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለዚህ ነው አጋዥ መፍትሔ የሚያስፈልገው፤ የውሃውንም የጊዜውንም ፍጆታ በጣም ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ሴሌኒየም የሚባል መፍትሔ ውስጥ ቢያልፍ ብሩ ከአየር ጋዝ ይጠበቃል። በከሰል ለሚያበስል ከተማ ይህ ቁም ነገር ነው። የከሰል ጭስ ውስጥ ያለው ድኝ ብርን ያጠቁራልና።

በፕላስቲክ የተለበጠው ወረቀት፣ ፎቶ ቤቶች ሁሉ የሚጠቀሙበት፣ በቶሎ ይታጠባል፣ በቶሎ ይደርቃል፣ አይጠማዘዝም። ለሠርግና ለጉርድ ፎቶ ምንም አልልም። ለታሪክ መዝገብ ግን የመጀመሪያ ምርጫ አይሆንም።

የቀለም ፎቶ ነገር ደግሞ ያሳዝናል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተነሱ የቤተሰብ የቀለም ፎቶዎችን አውጥታችሁ እዩ። ቀይ ሆነዋል። ሰማዩ ሮዝ ነው፣ ሣሩ ቡናማ ነው። ምክንያቱ በወረቀቱ ውስጥ ካሉት ሦስት ማቅለሚያዎች ሰማያዊ አዘሉ በጨለማ እንኳ ተቀምጦ የሚጠፋ ስለነበር ነው። አልበም ውስጥ ተዘግቶ የቆየው ሁሉ ሳይቀር ቀላ። ከነዚያ ዓመታት በፊት በ1930ዎቹ በጥቁርና ነጭ የተነሳው የአያት ፎቶ ግን አጠገቡ ቁጭ ብሎ እንደነበረ አለ። በኋላ የመጡት የቀለም ወረቀቶች በጣም ተሻሽለዋል፣ ይህን መካድ አይገባም። ቢሆንም የአንድን ሕንጻ የመጨረሻ ምስክርነት በቀለም ኅትመት ብቻ መተው አልመክርም።

ቀለም ፈጽሞ አያስፈልግም ማለቴም አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕልን ወይም የአንድ ሳሎን ጣሪያ ላይ ያለን ቅብ በጥቁርና ነጭ ብቻ አንስቶ መተው ግማሹን መጣል ነው። እዚያ ላይ የቀለም መለኪያ ካርድ ፎቶው ውስጥ አስገብቶ ማንሳት ነው። ከዓመታት በኋላ ኅትመቱ ቢደበዝዝ እንኳ በካርዱ ተመርቶ ትክክለኛውን ቀለም መመለስ ይቻላል። ካርዱ የእጅ መዳፍ ታህል ነገር ናት።

አሁን ግን በፊልም የሚሠራ ሰው እየጠፋ ነው፣ ትልልቅ ፊልምም እዚህ ከተማ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ በዲጂታል ካሜራ አንስቶ በኢንክጄት፣ ማለትም ቀለም በሚረጭ ማተሚያ፣ ማተም የማይቀር ነው። እዚህ ጋ አንድ ነገር ሰው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። የኢንክጄት ቀለም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዳይ ነው፣ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ የሚገኝ። ሌላው ፒግመንት ነው፣ ደቃቅ ጠጣር ቅንጣት። ሁለቱም ዕለቱን ያምራሉ። ብዙ ርካሽ የዳይ ቀለሞች ግን መስኮት አጠገብ ከተሰቀሉ በጥቂት ዓመታት ይነጣሉ። ፒግመንት በሚስማማው ጥሩ ወረቀት ላይ ሲታተም፣ የሙከራ ቤቶች በሚሰጡት ግምት፣ ከመቶ ዓመት በላይ ይቆያል። "በሚስማማው" የምትለዋን ቃል አትዝለሏት። ያው ፒግመንት በማይስማማው ርካሽ ወረቀት ላይ ሲሆን ዕድሜው ያጥራል። የአሜሪካ የታሪካዊ ቦታዎች ብሔራዊ መዝገብ ዲጂታል ፎቶ መቀበል ሲጀምር ያስቀመጠው መለኪያ ይኸው ነበር፤ ቀለሙና ወረቀቱ አንድ ላይ ተፈትነው ኅትመቱ ቢያንስ 75 ዓመት የሚቆይ መሆን አለበት አለ። ገበያችን ላይ ደግሞ በጠርሙስ የሚሞላ፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ቀለም ሞልቷል። ፋብሪካው ያልታወቀ ቀለም ስንት ዓመት እንደሚቆይ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም፣ እኔም አልችልም።

ከማተም ቀጥሎ ማስቀመጥ ነው፤ እኛ አገር ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ሰው የሚወደውን ፎቶ ላሜኔት ያስደርጋል። እባካችሁ ታሪካዊ ፎቶ ላሜኔት አታስደርጉ! በሙቀት የተጣበቀው ፕላስቲክ ከዚያ ወዲያ አይላቀቅም፣ ውስጡ ያለው ሙጫም ከፎቶው ጋር አብሮ ይኖራል። መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ካኪ ፖስታ ይወዳሉ። ካኪ ፖስታ አሲድ አለው፣ ከጊዜ ብዛት ፎቶውን ያቢጫል። ጋዜጣ ውስጥ መጠቅለልም እንደዚያው ነው። ያ ገጹ የሚያጣብቅ አልበም፣ ላዩ ላይ ላስቲክ የሚለበስ፣ የብዙ ቤተሰብ ፎቶ ያበላሸ ዕቃ ነው። ጠንከር ያለ ሽታ ያለው የፒቪሲ ፕላስቲክ ከረጢትም ጋዝ ይለቃል። ስኮች አትለጥፉ። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ፊት ሊያልፍ ይችላል፣ ጫናው ደግሞ ፊቱ ላይ ጎድጎድ ብሎ ይታያል። ለስላሳ እርሳስ ይበቃል። እርሳሱ በፕላስቲክ ወረቀት ላይ አልጽፍ ካለ ለፎቶ ተብሎ የተሠራ ብዕር አለ።

የሚፈለገው አሲድ የሌለበት ወረቀት፣ አሲድ የሌለበት ሳጥን፣ ወይም ፖሊስተር ከረጢት ነው። ለማስቀመጫ ዕቃ ዓለም አቀፍ ፈተና አለ፣ ቁጥሩ አይኤስኦ 18916 ይባላል። ዕቃውን ፎቶን ከሚወክል ናሙና ጋር አነካክተው በ70 ዲግሪ ሙቀትና በ86 በመቶ እርጥበት ለ15 ቀን ያቆዩታል፣ ከዚያ ምስሉ መጥፋቱን ወይም መቆሸሹን ያያሉ። ያለፈ ዕቃ ማሸጊያው ላይ ተጽፎ ይመጣል። ስለዚህ ዕቃ ግዢ ክፍል ያላችሁ ወገኖች፣ ጨረታው ላይ አንድ መስመር ብትጨምሩ በቂ ነው። "አርካይቫል" የሚል ማስታወቂያ ብቻውን ምንም ዋስትና አይሰጥም፣ ማንም ሊጽፈው ይችላል።

የአዲስ አበባ አየር ለዚህ ሥራ ጸጋ ነው። ደጋ ነው፣ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ፎቶ ደግሞ ቅዝቃዜ ይወዳል። ምፅዋ ወይም አዋሽ ላይ ሊደረግ የማይችለው እዚህ ያለ ብዙ ወጪ ይደረጋል። ጠላታችን ክረምቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበቱ ከፍ ሲል ሻጋታ ይመጣል። መደርደሪያውን ከግድግዳው ራቅ ማድረግ፣ ሳጥኑን መሬት ላይ አለማስቀመጥ፣ የውሃ ቧንቧ በሚያልፍበት ክፍል ወይም በምድር ቤት አለማከማቸት፣ የእርጥበት መለኪያ መስቀል፣ ይህ ሁሉ ዕውቀትና ትጋት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። እርጥበቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ መካከል ቢቆይ ጥሩ ነው።

ስለ አነሳሱም ትንሽ። አንድ ሕንጻ ሲነሳ ግድግዳዎቹ ቀጥ ብለው መታየት አለባቸው። ስልክ ወደ ላይ አንጋጠን ስናነሳ ሕንጻው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል፤ ከዚያ ፎቶ ላይ ልኬት መውሰድ አይቻልም። ለዚህ የሚሆን ካሜራና ሌንስ አለ፣ ከሌለም ራቅ ብሎ ከፍ ካለ ቦታ ማንሳት ይረዳል። አራቱም ፊት ይነሳ። በእያንዳንዱ ፊት ቢያንስ በአንዱ ፎቶ ላይ የመለኪያ ዘንግ ይቁም። ከዚያ ወደ ዝርዝሩ፦ በሩ፣ የመስኮቱ መዝጊያ፣ ማጠፊያው፣ የበረንዳው ምሰሶ፣ የጣሪያው ክፈፍ ላይ ያለው የእንጨት ጥልፍ፣ ደረጃው፣ ድንጋዩና ጭቃው የሚገናኙበት ቦታ። አርመኖቹና ሕንዶቹ ግንበኞች ከአገሬው አናጺ ጋር የሠሩት ሥራ የሚታወቀው እዚህ ዝርዝር ላይ ነው። ከፊት ለፊት የተነሳ አንድ የሚያምር ፎቶ ይህን አይናገርም። ሁልጊዜ የሚረሳው ደግሞ ጀርባው ነው፤ ማድ ቤቱ፣ ሰርቪሱ፣ ግቢው። ሰው የኖረው እዚያ ነው።

ጽሑፉም ከፎቶው እኩል ነው። የቤቱ ስም፣ ወረዳው፣ የቀድሞው ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፣ ካሜራው ወደ ሰሜን ይሁን ወደ ምዕራብ የዞረው፣ ቀኑ በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር፣ ያነሳው ሰው። የቀን አቆጣጠሩ ካልተገለጸ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሰው ሰባት ስምንት ዓመት ይሳሳታል፣ ይህ በቤተ መዛግብት የዕለት ተዕለት ችግር ነው። ከዚያ አንድ ትንሽ ፕላን ተነድፎ እያንዳንዱ ፎቶ ከየት ተቁሞ እንደተነሳ በቁጥርና በቀስት ይመላከት።

"ዘመኑ የሌዘር ስካን ነው፣ ድሮን አለ፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?" የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። እውነት ነው፣ ስካኑ ድንቅ ነው። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት ሰዎች የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክተዋቸዋል፣ ያንን የሚያክል ልኬት በፎቶ አይገኝም። ይሠራ፣ ይብዛ። ግን ፋይል ለማንበብ ማሽን ያስፈልጋል፣ ፕሮግራም ያስፈልጋል፣ መብራት ያስፈልጋል፣ በየጥቂት ዓመቱ ወደ አዲስ ዲስክ የሚያገላብጠው ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ሥራ ሲለቅ፣ በጀቱ ሲታጠፍ፣ መሥሪያ ቤቱ ስሙን ቀይሮ ወደ ሌላ ሕንጻ ሲዛወር ፋይሉ ምን ይሆናል? በፍሎፒ ዲስክ ላይ የተቀመጠ ሰነድ ያላችሁ ዛሬ ልትከፍቱት ሞክሩ። ፎቶ ግን ሳጥን ውስጥ ተረስቶ ሃምሳ ዓመት ቢተኛ፣ የሚያገኘው ሰው ወደ መስኮት ይዞት ሄዶ ያየዋል። ሁለቱም ይኑሩ ነው የምለው። ዲጂታሉ ሳይጨመቅ በቲፍ ፋይል፣ በተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ፤ ኅትመቱም ይኑር።

ሌላ ደግሞ ከልቤ የምቀበለው ተቃውሞ አለ። ሰው ከኖረበት ሰፈር ተነስቶ ኑሮው በተናጋበት ሰዓት ስለ ወረቀት ዓይነት ማውራት ምንድን ነው? መልሴ ይህ ሥራ ለነዋሪውም ነው የሚል ነው። በደንብ የተያዘ ሰነድ ውስጥ የነዋሪው ስም አለ፣ ክፍሉ አለ፣ ግቢው አለ። ልጆቹ አድገው "የት ነበር የምትኖሩት?" ሲሉ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል። አሁን ያለው አሠራር ቤቱን እንደ ባዶ ዛጎል አንስቶ ይሄዳል፤ ያም ራሱ በትክክል ቢነሳ ነው።

ወጪውን በተመለከተ፣ ጥሩ ወረቀትና ፒግመንት ቀለም ውድ ነው፣ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል። አልክድም። ነገር ግን ለአንድ ቤት የሚያስፈልገው ሃያ ሠላሳ ኅትመት ነው። በዚያው ቦታ ላይ ከሚቆመው ሕንጻ ወጪ ጋር ሲተያይ የሚቆጠር ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ከፋዩ አልሚው ይሁን። የማፍረሻ ፈቃድ ሲወስድ የሰነዱን ወጪ አብሮ ይክፈል፣ ሥራውን ግን እሱ ራሱ የመረጠው ሰው ሳይሆን ፈቃድ ያለው ገለልተኛ ባለሙያ ይሥራው።

የምጠይቀውን በአጭሩ ልናገር። በቅርስነት የተመዘገበ ቤት፣ የታተመ ሰነዱ ተሠርቶና ተመርምሮ ርክክብ ሳይፈጸም እንዳይነካ የሚል መመሪያ ይውጣ። መመሪያው የኅትመቱን ዓይነት በስም ይጥቀስ፤ በጣም ለታወቁት ቤቶች የብር ኅትመት በፋይበር ወረቀት፣ ለቀሩት ፒግመንት። ቢያንስ ሦስት ቅጂ ይሁንና በሦስት የተለያዩ ሕንጻዎች ይቀመጥ፤ አንዱ በኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት፣ አንዱ በቅርስ ባለሥልጣን፣ አንዱ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቢሆን ለተመራማሪም ይመቻል። ሦስት ቦታ የምለው እሳት ስላለ ነው። ጥር 2007 ላይ ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ሁላችንም አየን። እንዲህ ያለ ቃጠሎ ሲደርስ ጠጋኙ መጀመሪያ የሚጠይቀው የቀድሞ ፎቶ ነው፤ ፎቶው እዚያው ሕንጻ ውስጥ ተቀምጦ ከነበረ አብሮ ሄደ ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት ይሁን። ተማሪ በደብዳቤ ብዛት ሳይንገላታ ገብቶ ማየት ይቻለው።

መመሪያ እስኪወጣ ግን ዝም ብለን መጠበቅ የለብንም። ከተማዋ ውስጥ የቆዩ ፎቶ ቤቶች እየተዘጉ ነው፣ ባለቤቶቹ ያርፋሉ፣ ልጆቹ ቤቱን ሲያጸዱ የኔጋቲቩን ሳጥን አውጥተው ይጥላሉ። ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ በቤተ መንግሥት ፎቶግራፈርነት የአገሪቱን ታሪክ ትተውልናል። ከነሱ ሌላ ስማቸው ያልተጻፈ፣ የሰፈር ሠርግና ክርስትና ሲያነሱ የኖሩ ባለሙያዎች ደግሞ አሉ። ከሙሽሮቹ ጀርባ ያለው በረንዳ ዛሬ ፈርሷል። ያ ኔጋቲቭ የበረንዳው ብቸኛ ፎቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሳጥን ያላችሁ ሰዎች አትጣሉት። ከከፈታችሁት በኋላ እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ፊልም ካገኛችሁ ለብቻው ለዩት፤ ፊልሙ እየፈረሰ ነው፣ ሽታው ለሌላውም ይተርፋል። በቶሎ ስካን ማስደረግና ማሳተም ያስፈልጋል። የቀረውን ከፌስታል አውጥታችሁ በንጹሕ ነጭ ወረቀት ጠቅልሉት፣ ደረቅና ጨለማ ቦታ አስቀምጡት። የምታውቁትን ሁሉ፣ የሰፈሩን ስም፣ የሰዎቹን ስም፣ ግምታዊ ዓመቱን፣ በእርሳስ ጻፉ። የሚያስታውስ ሽማግሌ አጠገባችሁ ካለ ዛሬውኑ ጠይቁ።

እናንተም አዘጋጆቹ፣ ጋዜጣ ስለሆናችሁ የፎቶ ክምችት አላችሁ። ከዲጂታል በፊት የነበሩት የወረቀት ፎቶዎችና ኔጋቲቮች የት እንዳሉ፣ በምን ውስጥ እንደተቀመጡ፣ ጀርባቸው ላይ ምን እንደተጻፈ ሄዳችሁ እዩና ያያችሁትን በጋዜጣችሁ ጻፉልን። ፒያሳንና ካዛንቺስን ለዓመታት ስታነሱ ኖራችኋልና ከምታስቡት በላይ ታገኛላችሁ ብዬ አምናለሁ። አሲድ የሌለበት ሳጥን ከየት እንደሚገኝ ከጠየቃችሁኝ እነግራችኋለሁ፤ ለማተሙም ወረቀቱን ካመጣችሁ የጉልበቴን አልጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፎቶ ኅትመት ባለሙያ
ከአዲስ አበባ